የፕላዝማ መቁረጫ ጠረጴዛ የጋራ ፕሮፖዛል፦ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በየግቢያችን ለሚገኙት አምስት የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች በጋራ የሚያገለግል፣ በኮምፒዩተር እየተመራ ላሜራ የሚቆርጥ የፕላዝማ መቁረጫ ጠረጴዛ ለመሥራት ያዘጋጀነው የመጀመሪያ ረቂቅ ስምንት ገጽ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ሞተሮቹና ስለ ኮምፒዩተሩ የሚያወሩ ናቸው። ስለ አየርና ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈው ግን «በግቢው ያለው ይበቃል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። የጻፍኳት እኔ ስለሆንኩ እርማቱንም እኔ ልጀምር።

ፕላዝማ የሚፈጠረው በጠባቧ የመዳብ ኖዝል ውስጥ ተጨምቆ የሚያልፈው አየር በኤሌክትሪክ አርክ ከ20,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ነው። ብረቱን የሚያቀልጠው ሙቀቱ ቢሆንም የቀለጠውን ጠርጎ ከሥር የሚያወጣው ያው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲያንስ ቅላጩ ከላሜራው ግርጌ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በግራይንደር የምናጠፋው ጊዜም ተመልሶ ይመጣል። ያሰብነው ዓይነት ባለ 45 አምፔር መቁረጫ ከ5.5 እስከ 6 ባር በሚደርስ ግፊት በደቂቃ 190 ሊትር ገደማ ንጹሕ አየር ይፈልጋል። ይህ ልኬት ለባሕር ወለል የተሰላ ነው፤ ጅማ ግን ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የከባቢ አየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 ከመቶ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ኮምፕሬሰራችን ያንኑ አየር ለመስጠት በደቂቃ 235 ሊትር ያህል መሳብ ይኖርበታል። በዚህ ላይ በኮምፕሬሰሮች ላይ ተለጥፎ የምናነበው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ፒስተኑ የሚስበውን እንጂ በቱቦው ጫፍ የሚወጣውን አይናገርም፤ የሚወጣው ከተጻፈው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው ብለን ብንይዝ፣ የምንፈልገው ኮምፕሬሰር 350 ሊትር የተጻፈበት ይሆናል ማለት ነው። በግቢው ያለው መብቃት አለመብቃቱን በግምት መናገሬን ትቼ እንድንለካው ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንጋፋው አባል፦

ጸሐፊያችን ስሕተቱን ራሱ ማንሳቱ ደስ ብሎኛል። እኔ ዕድሜዬን በጋዝና በኤሌክትሮድ ብየዳ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ስለ ኮምፒዩተሩ አስተያየት የለኝም፤ ስለ ብረቱ ግን አለኝ። በረቂቁ ላይ ጠረጴዛው 1.25 በ1.25 ሜትር ይሁን፣ ረጅሙ ላሜራ እየተገፋ በሁለት ጊዜ ይቆረጥ ተብሏል። ገበያ የምናገኘው ላሜራ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ሆኖ ሳለ ግማሹን ቆርጠን ሌላውን ግማሽ ስንገፋ፣ ሁለቱ መስመሮች በአንድ ሚሊ ቢዛነፉ የበሩ አበባ መሐሉ ላይ ተሰብሮ ይታያል። ደንበኛ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ባያይ ይቺን ያያል። ስለዚህ የመቁረጫው ስፋት 1.1 በ2.1 ሜትር እንዲሆንና ሙሉ ላሜራ በአንድ ጊዜ እንዲያርፍበት እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው ነገር ክብደቱ ነው። ከላሜራው ሥር የሚቀመጠውን የውኃ ገንዳ 12 ሴንቲ ሜትር ብንሞላው በዚህ ስፋት ውኃው ብቻ 277 ኪሎ ይመዝናል፤ በላዩ ባለ 10 ሚሊ ሙሉ ላሜራ ስናሳርፍ ሌላ 157 ኪሎ ይጨመራል። ገንዳው፣ ላሜራውን የሚሸከሙት ዘንጎችና ቶርቹን፣ ማለትም አርኩ የሚወጣበትን የመቁረጫ ጫፍ፣ ይዞ የሚሄደው ድልድይ ሳይቆጠሩ መሆኑ ነው። ወጣቶቹ ላሜራ ሲጭኑ ቀስ ብለው እንደማያሳርፉ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ገንዳው የሚቆምበት እግርና ድልድዩ የሚሄድበት ሐዲድ የየራሳቸው ክፈፍ እንዲኖራቸው እፈልጋለሁ፤ ላሜራ ሲወድቅ የሚናወጠው ገንዳው ይሁን እንጂ ሐዲዱ አይሁን። ክፈፉን ከቱቦላሬ ስንበይድ መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ይያዝና ሁለቱ ሰያፎች ይለኩ፤ ለ1.2 በ2.2 ሜትር ክፈፍ እያንዳንዳቸው 2.506 ሜትር መምጣት አለባቸው። እኩል ካልሆኑ ከብየዳው በኋላ ኮምፒዩተር አያቃናውም። ብየዳውም ማዕዘን እየቀያየሩ ካልሆነ ብረቱ እንደሚጎትት ለዚህ ጉባኤ መንገር የለብኝም።

የኤሌክትሪክ ባለሙያዋ፦

ጋሼ ስለ ሁለቱ ክፈፎች ያሉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ እንዲያውም ሐዲዱ ለብቻው ሲሆን የመሬት ገመዱን አሠራር ያቀልልኛል። ስለ ኃይሉ ላንሳ። ባለ 45 አምፔር መቁረጫው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ወደ 8 ኪሎዋት ይጠጋል፤ ባለ 3 የፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር 2.2 ኪሎዋት ይጨምራል። ለማነጻጸር ያህል፣ ሦስት የእንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደመጣድ ያለ ነው። በ220 ቮልት ባለ አንድ ፌዝ የቤት ቆጣሪ ላይ ይህ ከ45 አምፔር በላይ ስለሚሆን ገመዱም ማቋረጫውም አይችለውም፤ ቢችለው እንኳ የጎረቤት አምፖል እየፈዘዘ በየቀኑ ስሞታ እንሰማለን። ስለዚህ የቦታው ምርጫ በመጋዘን ስፋት ሳይሆን ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ማን ዘንድ አለ በሚለው ይወሰን። ይህ ጋሼን ቅር እንደሚያሰኛቸው አውቃለሁ፤ ሰፊው መጋዘን የእርሳቸው ነውና።

ስለ መቁረጫው ዓይነትም አንድ መስፈርት በፕሮፖዛሉ እንዲሰፍር እለምናለሁ። አርኩን በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚያስነሱ ርካሽ መቁረጫዎች በእጅ ለመቁረጥ ይሆናሉ፤ ከኮምፒዩተር ጋር ሲያያዙ ግን በሚረጩት የኤሌክትሪክ ረብሻ ሞተሮቹን መንገድ ያስታሉ፣ አንዳንዴም ኮምፒዩተሩን ያጠፉታል። የምንገዛው ኤሌክትሮዱና ኖዝሉ ተነካክተው በአየሩ ግፊት ሲለያዩ አርኩ የሚነሣበት፣ ለማሽን የተዘጋጀ ቀጥ ያለ ቶርች ያለውና የአርኩን ቮልቴጅ ቀንሶ የሚያወጣ መስመር ያለው ይሁን። ይህ መስመር ከሌለ የቶርቹን ከፍታ ራሱ የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ አይሠራም፤ ስስ ላሜራ ደግሞ ሲግል እንደ ቂጣ ስለሚነፋ ከፍታው ካልተጠበቀ ቶርቹ ይጋጫል። የመቁረጫ ከፍታችን አንድ ሚሊ ተኩል ያህል ብቻ መሆኑን አስቡት።

ሞተሮቹን በተመለከተ ረቂቁ ላይ የተጻፈው ኔማ 23 ይበቃናል፤ 23 የሚለው የፊቱን ስፋት በኢንች፣ ማለትም 2.3ን እንጂ ጉልበቱን ስለማያመለክት ዋጋ ስንጠይቅ ጉልበቱንም አብረን እንጠይቅ። በረጅም ብሎን የሚነዳ ድልድይ የሚለው ግን ይሰረዝ። ባለ 6 ሚሊ ብረት በደቂቃ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ቢቆረጥም፣ ባለ አንድ ሚሊ ተኩል ላሜራ ከዚያ ብዙ እጥፍ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሁለት ሜትር ብሎን በዚያ ፍጥነት ሲዞር እንደ ገመድ ይርገበገባል። ጥርስ ያለው ዘንግና ማርሽ ወይም ጥርስ ያለው ቺንጊያ ይሁን። ሊኑክስ ሲኤንሲ የተባለው ፕሮግራም ለፕላዝማ የሚሆን ክፍል ያለው ነጻ ፕሮግራም ስለሆነ ለሶፍትዌር የያዝነው በጀት ወደ አየር ማድረቂያው ሊዞር ይችላል።

አንጋፋው አባል፦

አልተቀየምኩም። መጋዘን ሰፊ ሆኖ መብራት ከሌለው የቡና መጋዘን ነው።

የቡና ማሽን ጥገና የሚሠራው አባል፦

እኔ በፕሮፖዛሉ የገቢ ክፍል ላይ ጥያቄ አለኝ። የቡና መፈልፈያ ማሽን ወንፊት በየዓመቱ የምንቀይርላቸው ደንበኞች ስላሉኝ፣ ጠረጴዛው ወንፊት ቢቆርጥ ከበርና ከመስኮት ሥራ የበለጠ እንደሚያስገባ ገምቼ ነበር። ሐሳቤ በረቂቁ ውስጥ አለመግባቱ ለምን እንደሆነ ቢብራራልኝ። ሌላም አለ፤ የጅማን በርጩማ በብረት እግር የሚፈልጉ ደንበኞች እየመጡ ነውና እርሱም ቢታሰብ።

ጸሐፊ፦

ወንድሜ፣ ወንፊቱን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ፕላዝማ የሚቆርጠው ቀዳዳ ከብረቱ ውፍረት ያነሰ ሲሆን ቅርጹ ይበላሻል፤ ጥሩ ቀዳዳ የሚባለውም ከውፍረቱ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ሲሆን ነው። ቀዳዳው ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ መሆኑም አይቀርም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ብዛቱ ነው፤ በአንድ ወንፊት ላይ ያለው ቀዳዳ በመቶዎች ይቆጠራል፣ እያንዳንዱ ቀዳዳም አርኩን እንደገና ማስነሣት ስለሆነ ኖዝሉን የሚበላው ይህ ነው። ወንፊት የመብሻ ማሽን ሥራ ነው። የመፈልፈያውን የጎን ሰሌዳ፣ የቺንጊያ መከለያውንና የሞተር መቀመጫውን ግን ጠረጴዛው አሳምሮ ይሠራልሃል፤ ይህን በገቢ ክፍሉ ላይ ጨምሬያለሁ። የበርጩማው እግርም ገብቷል፤ የተጠረበው እንጨት መቀመጫ ግን ለጠራቢዎቹ ይቆይላቸው።

ገንዘብ ያዥ፦

የአጠቃቀም ክፍያን በሚመለከት ረቂቁ በተቆረጠ ሜትር እንዲሆን ይላል። ጸሐፊው አሁን ስለ ወንፊቱ የተናገረውን ካነበብኩ በኋላ ግን ይህ ፍትሐዊ መስሎ አልታየኝም። አንዱ አባል ረጅምና ቀጥ ያለ የአጥር ብረት ሲቆርጥ አርኩን አሥር ጊዜ ብቻ ያስነሣል፤ ሌላው በዚያው ሜትር ልክ አበባ ሲያወጣ ሁለት መቶ ጊዜ ያስነሣል፤ ኖዝሉን የሚጨርሰው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ኖዝልና ኤሌክትሮድ እያንዳንዱ አባል የራሱን ይዞ ይምጣ፤ የጋራው ክፍያ ለመብራት፣ ለጥገናና ለመተኪያ ብቻ ሆኖ አርኩ በበራበት ደቂቃ ይቆጠር። ኮምፒዩተሩ ደቂቃውን ሊመዘግብ እንደሚችል ባለሙያዋ ነግራኛለች። መዋጮው በዕቁብ መልክ በየወሩ መሰብሰቡን ማንም አልተቃወመም፤ የማሽኑን ፕሮፎርማ ግን ገንዘቡ ሳይሰበሰብ አስቀድሞ መያዝ ጥቅም የለውም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሬ ተመን በገበያ ስለሚወሰን ሻጮች ዋጋቸውን ለረጅም ጊዜ አያጸኑም። የአገር ውስጡን ብረት አሁን፣ ከውጭ የሚመጣውን ገንዘቡ በእጃችን ሲገባ እንግዛ።

የኤሌክትሪክ ባለሙያዋ፦

የደኅንነት አንቀጹ በጣም አጭር ነው፤ ሦስት ነገሮች ይጨመሩበት። በውኃ ገንዳ ላይ አሉሚኒየም ሲቆረጥ ትኩሱ ቅላጭ ከውኃው ጋር ተዋሕዶ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ጋዙ ከላሜራው ሥር ከታቆረ ይፈነዳል። ስለዚህ አሉሚኒየም በዚህ ጠረጴዛ ላይ አይቆረጥ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ጢስ ማታ ላይ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል፤ ወተት ጠጥቶ መግባት እንደማይከላከል ለልጆቹ እንንገራቸው፤ የሚከላከለው ጢሱን ማስወጣትና የመተንፈሻ ጭምብል ነው። ከ40 እስከ 60 አምፔር ባለው ሥራ ዓይን ቢያንስ ቁጥር 6 መስታወት ይፈልጋል፤ የፀሐይ መነጽር አይተካውም። ገንዳው ሲጸዳም ዝቃጩ ወደ አዌቱ ወንዝ እንዳይደፋ፤ በበርሜል ይጠራቀም።

ስለ አየሩ እርጥበት ግን ጸሐፊው ሳይነግረን ያለፈው ነገር አለ። በጅማ ክረምት ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር እርጥብ ስለሆነ ታንከሩ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ ከአየሩ ጋር ወደ ቶርቹ ሲሄድ የኖዝሉን ቀዳዳ ሞላላ ያደርገዋል፣ ቆረጣውም በአንድ ወገን ይዘማል። ከታንከሩ እስከ መቁረጫው ያለው ቧንቧ የጎማ መሆኑ ቀርቶ ጥቂት ሜትር የብረት ቧንቧ ሆኖ ወደ ኋላ ያዘንብል፤ አየሩ በመንገዱ ሲቀዘቅዝ ውኃው ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የውኃ መለያ፣ በመጨረሻም እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል። ጄሉ ሲረጥብ በቀስታ እያመሱ ማድረቅ ይቻላል፤ ሆኖም ሰማያዊው ዓይነት መርዛማ የኮባልት ጨው ስላለበት የቤቱን የቡና ምጣድ እንዳትነኩ።

ጸሐፊ፦

ሁሉንም አስገብቻለሁ። አሁን የቀረው ልኬቱ ነው። ባለ 200 ሊትር ታንከር ከ4 ባር እስከ 6 ባር ሲሞላ የተጨመረው አየር 400 ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ሁለት ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 200 ሊትር አገኘን ማለት ነው። ስሌቱ በቀጥታ ከታንከሩ ግፊት ስለሚነሣ ስለ ከፍታው ሌላ ማስተካከያ አያስፈልገውም። የቡና ማሽን ባለሙያችን ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያለው እርሱ ዘንድ ስለሆነ፣ ዛሬ ማታ ኮምፕሬሰሩን አስነሥቶ በሰዓት ቢለካልን።

የቡና ማሽን ጥገና የሚሠራው አባል፦

ለካሁት። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ በአማካይ ሦስት ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ፈጅቷል።

ጸሐፊ፦

እንግዲህ በደቂቃ 126 ሊትር ነው፤ 64 ሊትር ይጎድለናል። «በግቢው ያለው ይበቃል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ተሰርዛ በምትኩ የሚከተለው ገብቷል፦ «የመጀመሪያው ምዕራፍ ግዢ ኮምፕሬሰር፣ የብረት ቧንቧና የአየር ማድረቂያ ይሆናል፤ የክፈፉ ሥራ ጎን ለጎን ይቀጥላል፤ መቁረጫውና ሞተሮቹ የሚገዙት አየሩ በደቂቃ 190 ሊትር መድረሱ በልኬት ከተረጋገጠ በኋላ ነው።»

አንጋፋው አባል፦

የእኔን ኮምፕሬሰር ለምን አታጣምሩትም? ለቀለም መርጫ ነው የምጠቀምበት፤ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚሠራው።

የኤሌክትሪክ ባለሙያዋ፦

ጋሼ፣ ይቻላል፤ ሁለቱም አየሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ይኑራቸውና በአንድ ቧንቧ ይገናኙ። ሁለቱ ሞተሮች ግን በአንድ ጊዜ መነሣት የለባቸውም፤ በየተለያየ ፌዝ ላይ አድርጌ አንዱን በጥቂት ሴኮንድ የሚያዘገይ ሰዓት እገጥምለታለሁ። መጀመሪያ ግን የእርስዎም በዚያው መንገድ ይለካ።

ጸሐፊ፦

እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንጋፋው አባላችን ግቢ ተገናኝተን እንለካዋለን። ሁለቱ ተደምረው 190 ሊትር ከሞሉ አዲስ ኮምፕሬሰር የሚለው ከግዢ ዝርዝሩ ወጥቶ ረቂቅ ሁለት በዚያው ዕለት ይፈረማል።