ጥያቄ፦ እህቴ ከመኪና አደጋው ወዲህ ትወድቃለች፤ ምርመራው ግን «ምንም የለባትም» ይላል

ጠያቂ (ከቢቸና)፦
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ 19 ዓመቷ ነው። ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ዓባይ በረሃ ውስጥ ተገለበጠ። እሷ ተጫጭራ ተረፈች። አጠገቧ የነበሩት እናት ግን እዚያው አረፉ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። አይሱዙ ፍሬን ሲይዝ ከሰማች ዐይኗን ጨፍና ትወድቃለች። እጇን ትጨብጣለች፣ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ትቆያለች። ስትነቃ ታለቅሳለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ሰውነቴ የኔ አይመስለኝም፣ ራሴን ከሩቅ የማየው ይመስለኛል» ትላለች። እግሯን ያደነዝዛታል፣ ደረቷን ይወጋታል።
ጤና ጣቢያ «የሚጥል በሽታ ነው» ብለው ፊኖባርቢታል ጀመሩላት። ሆስፒታል ደግሞ ደሙም ሲቲ ስካኑም ታይቶ «ምንም የለባትም» ተባልን። አባታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ታስመስላለች» ይላል። ጎረቤቱ ስትወድቅ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫዋ ሥር ያጨስባታል። ግራ ገብቶናል፣ ምን እናድርግ?

የሳይካትሪ ነርስ (ደብረ ማርቆስ)፦
አይዞሽ እህቴ። ከሁሉ በፊት ክብሪቱን አስቁሙ። ጭሱ ለምንም ዓይነት መውደቅ አይረዳም፣ ሊያቃጥላትም ይችላል። አፏ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፣ እጇንም በኃይል አትያዙ። ድንጋይና እሳት ካለበት አርቃችሁ በጎኗ አስተኟት። አንድ ሰው ብቻ አጠገቧ ቁጭ ይበል፤ ቀስ ባለ ድምፅ «ቤትሽ ነሽ፣ እኔ አለሁ» ይበላት። ሰው ተሰብስቦ ሲጮህ ይባስ ይረዝማል።
በጽሑፍ ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን የነገርሽን ዲሶሲየቲቭ ሲዠር የሚባለውን፣ ማለትም ከከባድ ጭንቀት የሚመጣውን፣ የሚጥል በሽታ ያልሆነውን መውደቅ በጣም ይመስላል። የሚጥል በሽታ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፣ ዐይን ክፍት ይሆናል፣ የምላስ ጎን ይነከሳል፣ ከዚያ ሰውየው ግራ ተጋብቶ ይተኛል። ዐይን ጨፍኖ፣ ራስን እያወዛወዙ፣ መለስ ቀለስ እያለ ረጅም መቆየት ግን በዲሶሲየቲቩ ይበዛል። ሁለቱም አብረው ያሉባቸው ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ስትወድቅ በስልክ ቪዲዮ ቅረጿት። ለሐኪም ከማንኛውም ወሬ በላይ ይጠቅመዋል። ፊኖባርቢታሉን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ! በድንገት ሲቆም እሱ ራሱ እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መውደቅ ያመጣል፤ ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው። ከወትሮው የተለየ አወዳደቅ ካያችሁ፣ ትንፋሿ ከከበደ ወይም ጭንቅላቷን ከተመታች ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷት።
ለአባትሽ ይህን ንገሪልኝ። ሲቲ ስካን የሚያሳየው የአንጎልን ቅርጽ ነው፤ ዕጢ፣ ደም መፍሰስ፣ ስብራት። ፍርሃት ሲበዛ አንጎል ከሰውነት ጋር ያለውን ግንኙነት ለጊዜው እንደሚያላላው በፎቶ አይታይም። እህትሽ የምትወድቀው ፈልጋ አይደለም። «ራሴን ከሩቅ አያለሁ» የምትለውም የዚያው ገጽታ ነው።
ቅዠቱ፣ መደንበሩ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚቀረው የጭንቀት ሕመም አለ ወይ ተብሎ መታየት አለበት። ሁለቱንም የሚያክመው ዋናው ነገር ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በተደጋጋሚ የሚደረግ የንግግር ሕክምና ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ለፒቲኤስዲው ሊታዘዝ ይችላል፣ መውደቁን ብቻውን ግን አያቆመውም። እንቅልፍ እንዲወስዳት ብላችሁ ዳያዜፓም ከፋርማሲ እንዳትገዙ። ሱስ ያስይዛል፣ ለዚህ ሕመምም አይመከርም።

ሾፌር (ፍኖተ ሰላም)፦
እኔም ከአደጋ በኋላ ልቤን ይወጋኝ ነበር። ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ተነሣሁ፣ ጨጓራ ታየሁ፣ ኩላሊት ታየሁ። ውጤቱ ንጹሕ በሆነ ቁጥር ሌላ ክሊኒክ እሄድ ነበር። ሕመሙ እኮ እውነት ነው፤ ላብ በላብ አድርጎ ነው የሚያስቀምጥህ። የረዳኝ አንድ ሐኪም ብቻ ይዤ፣ ሲያመኝ ሳይሆን በቀጠሮ መታየት ስጀምር ነው። እሱ «ያምሃል፣ አምናለሁ፣ ግን ልብህ አልተጎዳም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፌ ተመለሰ። እህትሽን የሚያምናት ሰው ያስፈልጋታል።

እማማ (ደብረ ወርቅ)፦
ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ሐኪም አያውቀውም። መንፈስ ነው። ጸበል ውሰጃት።

ዲያቆን (ሞጣ)፦
እማማ፣ ጸበሉን እኔም አምንበታለሁ፣ የማገለግለውም እዚያው ነው። ግን ጸበል የገባ ሰው መድኃኒቱን ይጣል የሚል ሥርዓት የለንም። እንክብሉን በጸበል የሚውጡ ስንት ምእመናን አሉ። እህታችንን ውሰዷት፤ ግን አትታሰር፣ አትመታ፣ ሳትበላም አትዋል።

ሌላ ጠያቂ (ዳንግላ)፦
ይቅርታ፣ ከዚሁ የሚቀራረብ ነገር አለኝ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ጸያፍ ስድብ በአእምሮዬ ይመጣል። እኔ አልፈልገውም። ጸሎቱን ከመጀመሪያው እደግማለሁ፣ እንደገና ይመጣል። ለንስሐ አባቴ አንዱኑ ነገር ደጋግሜ እናዘዛለሁ። አብጃለሁ ማለት ነው?

የሳይካትሪ ነርስ (ደብረ ማርቆስ)፦
አላበድክም ወንድሜ። ይህ ኦሲዲ ይመስላል፤ የማይፈልጉት ሐሳብ እየተመላለሰ፣ እሱን ለማስታገስ አንዱን ነገር የሚያስደጋግም ሕመም ነው። ሐሳቡ የሚመጣው በጣም በምትፈራው ነገር ላይ ነው፤ የሚያስጨንቅህም እምነትህን ስለምትወድ ነው። ጸሎቱን መድገሙና «አልበደልኩም አይደል?» እያሉ መጠየቁ ለደቂቃ ያሳርፋል፣ ከዚያ ግን ሐሳቡን ይመግበዋል። ሕክምናው ሐሳቡ ሲመጣ ሳይደግሙ መቆየትን በባለሙያ እየታገዙ ደረጃ በደረጃ መለማመድ ነው። መድኃኒትም አለው፤ ለውጡ እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ስለሚወስድ ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ። ባሕር ዳር ቅርብህ ነው፤ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሳይካትሪ ክፍል ጠይቅ። ለንስሐ አባትህም ንገራቸው። አንዱን ኃጢአት ደግመው እንዳይሰሙህ ከተስማማችሁ ትልቅ እገዛ ነው።

ዲያቆን (ሞጣ)፦
ይህ በአገልጋዮችም ይደርሳል፤ ብቻህን አይደለህም። ከቅዳሴ ግን አትቅር።

ጠያቂ (ከቢቸና)፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የመጀመሪያውን መልስ ለአባቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። አሁን አንድ ችግር አለ። ደብረ ማርቆስ ልወስዳት ብል መኪና ስታይ ትንቀጠቀጣለች። እንዴት ላድርጋት?

የሳይካትሪ ነርስ (ደብረ ማርቆስ)፦
በግድ አታሳፍሯት። በመጀመሪያ መናኸሪያው ድረስ በእግር ሂዱና ተመለሱ። ሌላ ቀን ሞተሩ የጠፋ መኪና ውስጥ አብራችሁ ተቀመጡ፤ ፍርሃቱ እስኪበርድ ቆዩና ውረዱ። ከዚያ አጭር መንገድ ሞክሩ። በደጀን በኩል ስትመጡ በረሃውን እንደማትሻገሩት አስቀድመሽ ንገሪያት፣ እንዳታስበው። የጠዋት መኪና ያዙ፣ ወንበሩን እሷ ትምረጥ። መንገድ ላይ ራሷን ከሩቅ ማየት ከጀመራት እግሯን መሬት ላይ ትጫን፣ ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ላስቲክ በእጇ ትያዝ፣ በመስኮት የምታየውን እየጠራች ትንገርሽ፤ ባሕር ዛፍ፣ በሬ፣ ቆርቆሮ ቤት። ስትመጡ የሲቲ ስካኑን ወረቀት፣ የፊኖባርቢታሉን ፓኬትና ቪዲዮውን አትርሺ። አባትሽም ቢመጣ ደስ ይለኛል።

ሾፌር (ፍኖተ ሰላም)፦
ለሾፌሩም ቀድመሽ ንገሪው እህቴ። ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ፍሬንም በድንገት አይዝም።