ማሩ ሳይወደድ እንድረስላቸው

የጅማ ልጅ (ከሄሪፎርድ፣ እንግሊዝ አገር፤ ለጊዜው ጅማ)፦

ሰላም ጎበዝ። ጅማ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ናፍቆቴን ሳልጨርስ አንድ ጉዳይ ይዤላችሁ መጣሁ። ሰፈራችን ውስጥ ጠጅ የሚጥሉ እናት አሉ፤ ልጆች ሆነን ብርዝ ያጠጡን ነበር። ዘንድሮ ከጋኖቻቸው ግማሹ ባዶ ነው። «ምነው እማማ?» ስላቸው «ማሩን ነዋ ልጄ፣ ዓምና በሰዓቱ ሳልይዘው ቀረሁ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጌራ በኩል ጫካው ውስጥ ጌተማ የሚባለው ዛፍ ሲያብብ ነጩ ማር ይመጣል። ዛፍ ላይ ከተሰቀለው ቀፎ ይቆረጥና ገበያ ይወርዳል። ያኔ ማሩ ርካሽ ነው። ያኔ ብር የያዘ ዓመቱን ሙሉ ይጥላል። ያልያዘ ክረምት ላይ በኪሎ እየሸመተ ይከስራል፤ ወይ ስኳር ይጨምራል። እማማ ስኳሩን እምቢ ብለው ነው ጋናቸው ባዶ የሆነው።

ይኼን ስሰማ ትዝ ያለኝ ሄሪፎርድ ያለው ጎረቤቴ ነው። ፈረንጁ ከፖም ሳይደር ይጠምቃል። ፖሙ የሚበላ ዓይነት አይደለም፣ አፍ ያደርቃል፤ ለሳይደሩ ግን ያ መራራነት እንደኛ ጌሾ ነው። ፖሙ መስከረምና ጥቅምት ላይ በአንዴ ይወርዳል፣ ወጪውም በአንዴ። ሽያጩ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት፣ በእነሱ በጋ። በፈረንጆቹ 2020 መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት መጠጥ ቤቶቹ ሲዘጉ በርሜሉ ሁሉ ሞልቶ ቀረበት። የሰፈሩ ሰው ምን አደረገ? ባዶ ጠርሙሱን እየያዘ በሩ ላይ ተሰለፈ። የሚቀጥለውን ዓመት ሳይደር አስቀድሞ የከፈለም ነበር። እኔም ከፍያለሁ፣ ያውም የማልወደውን መጠጥ! አሁን ግን ለመድኩት።

መንግሥታቸውም ለትንሹ ጠማቂ ያስባል። በዓመት ከ7,000 ሊትር በታች ለሚጠምቅ የመጠጥ ቀረጥ የለበትም። በሌላ በኩል ሕጉ 35 በመቶ የፖም ጭማቂ ካለው ሳይደር ብሎ ይቀበላል። ቀሪው ውሃና ስኳር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የስኳር ጠጅ እኛ ጋ ብቻ ያለ መስሏችሁ ነበር?

ሐሳቤ ቀላል ነው። እርዳታ አንላክ። የሚቀጥለውን ዓመት ጠጅ አሁን እንግዛ።

ዳላስ 1፦

ወንድሜ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ግን አንዴ ለንግድ ብዬ ልኬ ተበልቻለሁ። ብሩ ማር ይገዛበት፣ ምን ይደረግበት በምን አውቃለሁ? ደግሞ ባለፈው ስመጣ ጠጅ ብለው የሰጡኝ ቢጫ ቀለም የነከሩት የስኳር ውሃ ነበር። ጠዋት ራሴን ሊፈነቅለው!

ቶሮንቶ ያለችው፦

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጠጁ አይመለከተኝም። ግን ሰፈራችን ያሉት ሴትዮ ለማፍጠሪያ ብርዝ በተለየ እንስራ ይበጠብጡልን ነበር። ጌሾ ያልነካው፣ ያላደረ። እናቴ እስካሁን ታነሳዋለች። ስለዚህ እኔም አለሁበት፤ ድርሻዬ በብርዝ ይያዝልኝ። እናቴ ታስመጣለች።

የጅማ ልጅ፦

እህቴ፣ ተባረኪ። ለእማማ ስነግራቸው «እንስራው አሁንም አለ» አሉኝ።

ዳላስ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ለዚህ ነው በእጃቸው ብር የማንሰጠው። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ አብረን እንወርዳለን፤ ማሩን እሳቸው ይቀምሳሉ፣ እኔ እከፍላለሁ። መቅመሱን ለእኔ አትተዉት፤ ከእንግሊዝ አገር የሱፐርማርኬት ማር ጋር ስንት ዓመት ኖሬ ምላሴ ተበላሽቷል። ለጠጅ አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በተገዛው ማር ስንት ጋን እንደሚጣል መገመት ይቻላል። ክፍያችን ተመልሶ የሚመጣው በጠጅ ነው፤ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለሠርግ፣ እዚህ ላሉት ቤተሰቦቻችን።

ዳላስ 1፦

ለእኔስ? እዚህ ማን ያመጣልኛል?

የጅማ ልጅ፦

እሱን እርሳው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠርሙስ በሻንጣ ይዤ ሄድኩ። ጠጁ ገና ይፈላ ነበር ለካ፤ ክዳኑ ተስፈንጥሮ የእናቴን በርበሬ፣ ሸሚዜን፣ ሁሉንም አጠበው። ደረቅ ጌሾ ግን ልይዝልህ እችላለሁ። ማሩን እዚያው ገዝተህ ራስህ ጣል፤ አንድ ሁለት ሳምንት መታገስ ነው።

ለማንኛውም የፊታችን ሐሙስ ገበያ እወርዳለሁ። እስካሁን ስድስት ሰው አለን። የምትገቡ እስከ ረቡዕ ማታ አሳውቁኝ፣ በጅማ ሰዓት።