ፎቅ ለሌላት አንዲት መኖሪያ ቤት ፕላንና ፈቃድ የግድ ነው ወይ? (ክርክር)

አስተማሪዋ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ በቅሬያችን (በእድራችን) ስብሰባ ተነሥቶ ሳይቋጭ የቀረ ጉዳይ ላምጣላችሁ። አንድ የቅሬያችን አባል ከአባታቸው በወረሱት ግቢ ለልጃቸው ሁለት ክፍል ቤት ሊሠሩ መሠረት አስቆፈሩ። ፕላን አላሠሩም፣ ፈቃድም አላወጡም። ከበታቻቸው የሚኖሩት ጎረቤት ተነሥተው «ፈቃድ ሳይወጣ በላዬ ላይ መሬት አይቆፈርም» አሉ። ስብሰባው ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «በገዛ ግቢዬ ለልጄ መጠለያ ልሥራ ብል ማንን ነው የማስፈቅደው?» ሲል ግማሹ «ሕግ ትንሽ ትልቅ አይልም» አለ።

እኔና ባለቤቴም ፕላን አሠርተን፣ ድንጋይ አስራግፈን ጥቅምት እስኪገባ እየጠበቅን ነው። ስለዚህ ጥያቄው የራሴም ነው። የምታውቁትን ንገሩኝ።

ግንበኛው (ኮምቦልቻ)፦
የግድ መሆን የለበትም እላለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ድንጋይ ስጠርብና ስገነባ ኖሬአለሁ። ቤት ሠሪ ከሁሉ በፊት የሚያጣው እንጨትና ጭድ አይደለም፤ ቀን ነው። የይዞታ ካርታ አምጣ፣ የግብር ደረሰኝ አምጣ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ። በዚህ መሃል በጋው ያልቃል። ክረምት ከገባ በኋላ ማን ጭቃ ያቦካል? የተገዛው ሲሚንቶ በእርጥበት ይጋገራል፤ የብረትና የቆርቆሮ ዋጋም ባለበት አይጠብቅም።

ደግሞስ ፕላኑ ምን ይሠራል? አንድ ጊዜ የግቢው ባለቤት ማኅተም ያረፈበት ፕላን ይዞልኝ መጣ። ወረቀቱ ላይ መሬቱ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። ችካል መትቼ ክር ወጠርሁ፤ በላስቲክ ቱቦ ውሃ ልኩን ስይዝ መሬቱ ከላይኛው ጥግ እስከ ታችኛው ጥግ ከቁመቴ በላይ ወረደ። ፕላኑን የነደፈው ሰው ቦታውን በዓይኑ አላየውም ማለት ነው። ታዲያ ያን ቤት ያቆመው ማኅተሙ ነው ወይስ እኔ? ላሊበላ ብትሄዱ ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች አሉ። የሠሯቸው ሰዎች ከማንም ፈቃድ አልወሰዱም፤ ቤቶቹ ግን ዛሬም ቆመዋል።

የልኬት ጡረተኛው (ወልድያ)፦
ልጄ ግንበኛው፣ ሙያህን አከብራለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር ቀላቅለሃል። መጓተቱ አንድ ነገር ነው፤ የፈቃድ አስፈላጊነት ሌላ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ለያይቶ ነበር። ክብደቱን በሚሸከሙት አካላት መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ሕንፃና ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ነበር። የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ምድብ «ሐ» ውስጥ ይገባ ነበር። በመካከል ያለው ምድብ «ለ» ነበር። አዋጁም በቅድሚያ የታሰበው ከ10,000 በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነበር። ስለዚህ ሕጉ ሲጻፍ የአስተማሪዋን ቤትና ባለ አምስት ፎቅ ሆቴልን በአንድ ሚዛን አላስቀመጠም። በአንድ ሚዛን እየመዘኑ የሚያጉላሉ ካሉ ጥፋቱ የእነርሱ ነው።

ደግሞም ፈቃድ የሚጠየቀው ግድግዳው እንዳይወድቅ ብቻ አይደለም። ቤቱ ለመንገድ የተተወውን ቦታ እንዳይዝ፣ የጣራው ውሃ ጎረቤት ላይ እንዳይወርድ፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ ከሰው ውሃ አጠገብ እንዳይቆፈር ነው። በሥራ ዘመኔ ክንድ በማይሞላ መሬት የተነሣ ወንድማማቾች በአንድ ገበታ መቅረብ ሲተዉ አይቻለሁ። ያኔ መሠረቱ ሳይቆፈር ወሰኑን የሚለካ ሰው ቢጠራ ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር።

ከበታች የምኖረው (ደሴ)፦
እኔ ስለ ምድብ አላውቅም። የማውቀው በላዬ ስላለው ግንብ ነው። ጎረቤቴ ከእኔ በላይ ያለውን ተዳፋት ቆርጦ፣ አፈሩን በድንጋይ ደግፎ ሦስት ክፍል ቤት ሠራ። ሰው ክፉ አይደለም፤ ሲሠራ ቡና አፍልቼለታለሁ። ነሐሴ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ስወጣ ግንቡ ወደ ግቢዬ ሆዱን ነፍቶ አየሁት። በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ቀይ ውሃ ይንጠባጠባል። አንዱን ስንጥቅ በእንጨት ነካ ባደርገው ውሃው ተፈናጥሮ ፊቴን ረጨኝ። ለካ ከግንቡ ጀርባ ኩሬ ተቋጥሯል! ውሃ የሚያስተነፍስ ቱቦ አንድም አልተቀበረበትም። ልጆቼን ይዤ ሦስት ሌሊት ሸዋበር ሠፈር እህቴ ዘንድ አደርሁ።

ደሴ እኮ ሜዳ ላይ የተሠራች ከተማ አይደለችም። ከጦሳ ተራራ እስከ አዝዋ ገደል ድረስ ያለውን መሬት ታውቁታላችሁ፤ በክረምት መሬት የሚንሸራተትባቸውን ሠፈሮችም ታውቃላችሁ። ግንበኛው ወንድሜ፣ «በገዛ ግቢዬ» የሚባለው ነገር እዚህ አይሠራም። አንዱ በግቢው ሲቆፍር የሌላውን መሠረት እየናደ ሊሆን ይችላል። አንድ የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን መጥቶ «ውሃውን በየት ልታወጣው ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ ያ ሁሉ ሥጋት አይመጣም ነበር።

ቤቴ የፈረሰብኝ፦
የከተማዬን ስም አልጠራም፤ ወሎ ውስጥ ናት። በማኅበር ተደራጅተን፣ በባንክ ዝግ ሒሳብ ገንዘብ አስቀምጠን ቦታ ስንጠብቅ ዓመታት አለፉ። በሊዝ ጨረታ ልወዳደር ብል ከነጋዴ ጋር ነው የምፎካከረው። ኪራይ በየጊዜው ይጨመርብኛል። በመጨረሻ ከከተማው ዳር ከአንድ ገበሬ በመንደር ውል ቦታ ገዛሁ። መሬት እንደማይሸጥ አላውቅም ነበር አልልም፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 ያልሰማ ማን አለ?

የጨረቃ ቤት ለምን እንደተባለ የገባኝ ያኔ ነው። በአንድ ሌሊት እንጨት አቆምን፣ ሳይነጋ ቆርቆሮ መታን። የመዶሻው ድምፅ እንዳይሰማ ባለቤቴ ሚስማሩ ራስ ላይ ጨርቅ ታደርግልኝ ነበር። መሠረቱ ጉልበቴን አይሞላም። በሌሊት የሚሠራ ሰው መሠረት የሚያጠልቅበት ጊዜ የለውም። ሁለት ክረምት ኖርንበት፤ ከዚያ በራችን ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ፣ ቀጥሎ ዶዘር መጣ። ቆርቆሮውን ነቅሎ ለማውረድ የተሰጠን ጊዜ አንድ ጠዋት ነበር።

ፈቃድ ይቅር አልልም። እኔ ፈቃድ ፈልጌ ያጣሁ ሰው ነኝ። ፈቃድ የሚጠየቀው መሬት ያለው ሰው ነው፤ ክርክራችሁ ላይ መሬት የሌለውም ይታሰብ።

መሐንዲሷ (ደሴ)፦
ወንድሜ፣ ያጋጠመህን ሳነብ አዝኛለሁ። የአንተ ጉዳይ የመሬት አቅርቦት ነው፤ የትኛውም የፕላን ሥርዓት ያን አይፈታውም። ነገር ግን «መሠረት የሚያጠልቅበት ጊዜ የለውም» ያልኸው ልቤን ነክቶታል፤ በሕጋዊ መንገድ በተሠሩ ቤቶችም የማየው እርሱኑ ነውና።

ግንበኛው የላሊበላን ቤቶች አነሣ። የቆሙትን እናያለን፤ የወደቁትን ግን አሁን ማየት አንችልም። በ1953 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል፤ ካራቆሬንም ጎድቷታል። ሁለቱም ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ናቸው። እኛ የምንኖረው በዚያው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ሲናወጥ ይበተናል። በደንብ የተማገረ የእንጨት ቤት ይሻላል፤ ጣራውና ግድግዳው በማሰሪያ የተያያዙ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ይህ ብዙ ወጪ የለውም፤ መታወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አፈሩም እንደዚያው ነው። ቦርከናን ተከትላችሁ ወደ ቆላው ስትወርዱ ዋልካ አለ፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። እዚያ ላይ እንደ ተዳፋቱ አለታማ መሬት መሠረት የጣለ ሰው በሁለተኛው ዓመት ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ይተረተርበታል። ዋልካውን አንሥቶ በገረጋንቲ መተካት ወይም አልፎት መውረድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ለምድብ «ሀ» ቤት የወረቀቱ ሸክም ይቅለል፤ የቦታው ጉብኝት ግን አይቅር። ከተሞች ለተዳፋት፣ ለሜዳና ለዋልካ የሚሆኑ የሁለትና የሦስት ክፍል ፕላኖች አዘጋጅተው ለቤት ሠሪው በነፃ ይስጡ። በምትኩ መሠረቱ ተቆፍሮ ድንጋይ ሳይገባበት አንድ ባለሙያ በእግሩ መጥቶ ጉድጓዱን ይይ። ዛሬ ግን ከጉድጓዱ ይልቅ የሚታየው ወረቀቱ ነው።

ግንበኛው (ኮምቦልቻ)፦
እንዲህ ከሆነ እኔም አልቃወምም። ስለ ዋልካው የተናገርሽው እውነት ነው፤ እኔም ሁለት ቤት ላይ ደርሶብኛል፣ አንዱን በራሴ ወጪ ጠግኛለሁ። እህቴ ከበታች ያለሽው፣ ስለ ግንቡ ስታወሪ አፍሬአለሁ፤ ማስተንፈሻ ቱቦ ሳያስገባ የሚገነባ ግንበኛ እንዳለ አውቃለሁና። አንድ ነገር ላይ ግን አልነቃነቅም፦ ባለሙያው እመጣለሁ ባለበት ቀን ካልመጣ ቤት ሠሪው ሥራውን ይቀጥል። ተከፍቶ የሚቆይ ጉድጓድ አንድ ዝናብ ከመታው መደርመሱ አይቀርም፤ የቀን ሠራተኛውም ቆሞ ይከፈለዋል።

የልኬት ጡረተኛው (ወልድያ)፦
በዚህ እስማማለሁ። ቀጠሮ ይጻፍ፤ ቀኑን ያሳለፈው ወገን ጉዳቱን ይሸከም። ባለሙያው ሲመጣም የአራቱም ወሰን ጎረቤቶች ይጠሩ። በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት የተመታ ችካልን ማንም አይነቅለውም።

አስተማሪዋ (ደሴ)፦
ጽሑፋችሁን ለባለቤቴ እያነበብሁለት ተነሥቶ ያሠራነውን ፕላን ከሳጥን አወጣው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አየነው፤ የእኛም መሬት እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። ግቢያችን ደግሞ ከበሩ እስከ ኋላው አጥር ሰባት የድንጋይ ደረጃ አለው። የነደፈልን ሰው አንድም ቀን አልመጣም፤ እኛም ና አላልነውም።

ስለዚህ ጥቅምት ቀርቷል። የነደፈልን ሰው ተዳፋቱን አይቶ ፕላኑን እንደገና ይሠራዋል፤ ከዚያ ፈቃዱን እንጠይቃለን። ለቅሬያችን አባልም ነግሬአቸዋለሁ፤ የተቆፈረውን መሠረት ለጊዜው ሸራ አልብሰውታል፤ ከበታቻቸው ካሉት ጎረቤት ጋር ቅዳሜ ውሃው የሚወርድበትን አብረው ሊያዩ ተስማምተዋል። ግንበኛው ወንድሜ፣ ኅዳር ላይ ጊዜ ካለህ ያን የውሃ ልክ ቱቦህን ይዘህ ወደ ደሴ ብቅ በልልን።