ፑሽኪን ራሱን «የውሻ ልጅ» ካለ እኛ ምን ቤት ነን?

የሳርቤቱ፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈው የፑሽኪን ደብዳቤ ትርጉም አንጀቴን አሳርሮት አደረ። ሩሲያዊው ገጣሚ በ1825 እ.ኤ.አ. ሚኻይሎቭስኮዬ በሚባለው የቤተሰቡ ርስት ተግዞ ሳለ «ቦሪስ ጎዱኖቭ» የተባለውን ተውኔቱን ጨርሶ፣ ለብቻው ጮክ ብሎ አንብቦ፣ እያጨበጨበ «አይ ፑሽኪን! አይ የውሻ ልጅ!» ብሎ እንደጮኸ ለወዳጁ ለቪያዜምስኪ ጽፏል። ጋሼ ተርጓሚው ግን «የውሻ ልጅ»ን «ጎበዝ የእናቱ ልጅ» አደረጉት።

ተርጓሚው፦ ክብሩን ጠብቄ ነው። በአማርኛ ደም የሚያፋስስ ስድብ ነው፤ ሰውየው ግን ራሱን እያሞገሰ ነበር።

የሳርቤቱ፦ «ክብሩን ጠብቄ»? ጠብቁልኝ ያለው መቼ ነው?

እመ ሩት፦ ብሏል እንጂ! በ1834 ለሚስቱ የጻፈውን ደብዳቤ ከፍተው ለዛሩ ሲያደርሱት እንዴት እንደተቃጠለ ማስታወሻው ላይ አለ። ለዚያው ለቪያዜምስኪም የእንግሊዛዊው ገጣሚ የባይረን ማስታወሻ መጥፋቱ ደግ ሆነ ብሎ ጽፏል። የሰው ገበና ነው፣ ተዉት።

የሳርቤቱ፦ እሱማ አይነበብ ማለት ነው። ከተነበበ ግን ቃሉ አይለወጥ። ጋሼ አንብበው፣ ለውጠው፣ «ክብሩን ጠብቄ» ይላሉ!

ሞስኮ የተማርኩ፦ በሶቪየት ጊዜ በታተሙት ደብዳቤዎች ላይ ብልግናው በሰረዝ ተተክቶ ነበር። ዶርም ውስጥ ቃሉን ለመገመት ስንከራከር ይነጋ ነበር። ይቺ «ሱኪን ሲን» (በሩሲያኛ «የውሻ ልጅ») ግን ሳትነካ ነው የወጣችው። እነሱ ያልደበቁትን እኛ?

ተርጓሚው፦ እነሱን ስለማያቆስላቸው ነዋ!

የጓሮ ሸንኮራ፦ አያቴ ሸንኮራ ሰርቄ ስትይዘኝ «አንተ የሰይጣን ቁራጭ!» እያለች ትስመኝ ነበር። ስድብም ፍቅርም ነው። እሱን ለምን አትጠቀሙም?

የሳርቤቱ፦ ውሻዋስ የት ገባች?

አድማስ፦ የእኛን ደም በውሻ እየጠራችሁ መከራከራችሁ ያሳፍራል። አደባባይ የሰየምንለት ሰው ነው።

ሞስኮ የተማርኩ፦ አፍሪካዊው የእናቱ አያት ጋኒባል የትውልድ ከተማውን የጻፈው «ላጎን» ብሎ ነው፤ ካሜሩን ነው የሚሉም አሉ። ደሙን ተወውና ቃሉን እንነጋገር።

አድማስ፦ ካሜሩን?! ይሄን አደባባዩ ላይ ቆመህ በል።

የጓሮ ሸንኮራ፦ ጋሼ፣ ታዲያ «የሰይጣን ቁራጭ» ብለው ያርሙታል?

ተርጓሚው፦ አላርምም። የሳርቤቱ መጀመሪያ እናቱ ፊት ቆሞ «የውሻ ልጅ»ን ጮክ ብሎ ያንብበው።

የሳርቤቱ፦ አነበዋለሁ! እርስዎ ግን «የእናቱ ልጅ»ን ሩሲያኛ የሚችል ሰው ፊት ያንብቡት።