የብቸኝነት መጠይቅ ለ9ኛ ክፍል ልጆች ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?

መምህር፦ ሰላም የቤቱ ሰዎች። የማስተምርበት ትምህርት ቤት 20 ጥያቄ ያለውን የዩሲኤልኤ (የአሜሪካው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ) የብቸኝነት መጠይቅ አስተርጉሞ 9ኛ ክፍልን በሙሉ ሊያስሞላ ነው፣ ነጥቡ ከፍ ያለ ልጅ ካውንስለር ጋ ይላካል ተብሏል። እኔ እደግፋለሁ፣ ዝም ብሎ የሚጎዳ ልጅ ብዙ ነው። እናንተስ?

የሳይኮሎጂ ተማሪ፦ እኔም እደግፋለሁ። መጠይቁ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የተሠራበት ነው እኮ፣ በ1980 እና በ1996 ተሻሽሏል። የ1996ቱ አልፋው፣ ማለትም ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየው እስከ 1 የሚደርስ ቁጥር፣ ከ0.89 እስከ 0.94 ነው፣ ከዓመት በኋላ ሲደገምም የሁለቱ ጊዜ ውጤቶች ዝምድና 0.73። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ተርጓሚዋ፦ ወንድሜ እዚህ ጋ አንስማማም። ቁጥሮቹ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች፣ ነርሶች፣ አስተማሪዎችና አዛውንቶች በእንግሊዝኛ ሞልተው የተገኙ ናቸው፣ የ14 ዓመት ልጅ የለበትም። አልፋ ደግሞ ጥያቄዎቹ አብረው መሄዳቸውን ነው የሚነግርህ፣ ሃያውም ድብርትን ቢለኩ አልፋው ከፍ ይላል። ቋንቋውንም እይ፣ «ምን ያህል ጊዜ ብቸኝነት ይሰማሃል?» ብለህ ምርጫው ላይ «በፍጹም» ስትል፣ አማርኛ «በፍጹም አይሰማኝም» ነው የሚለው፣ ብቻውን ሲቆም «በፍጹም ልቤ» እንደምንለው ሙሉ በሙሉ ማለት የመሰለው ልጅ አጋጥሞኛል። «ተሰምቶኝ አያውቅም» ብለን ቀየርነው። ሌላዋ ልጅ ስለ ብቻነት ስጠይቃት «ብቻዬን ሆኜ የማጠናበት ቦታ የለኝም» አለችኝ፣ ስድስት ሆነው አንድ ክፍል ነው የሚኖሩት፣ ለሷ ብቻዋን መሆን ምኞት ነው። ሆድ የባሰው ልጅ ደግሞ «ብቸኛ ነኝ» አይልህም፣ «ሆድ ባሰኝ» ነው የሚለው።

መምህር፦ ስለ ብቻ መሆን ያልሽው እውነት ነው። ታዲያ ሌላ መጠይቅ የለም?

ተርጓሚዋ፦ አለ መምህር፣ ቤልጅየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ 48 ጥያቄ ያለው አለ፣ ከወላጅ የሚመጣውን ብቸኝነት ከጓደኛ ከሚመጣው ይለያል፣ ብቻ መሆንን መውደድንና መጥላትንም ለየብቻ ይጠይቃል። እሱም ግን እዚህ መፈተን አለበት።

አንዲት እናት፦ ይቅርታ ልግባ፣ ወረቀቱ ላይ ስም ይጻፋል? የኔ ልጅ ባለፈው አንድ ትምህርት ቤት ስሟን ጽፋ ሞልታ በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ተወርቶባታል፣ ከዛ ወዲህ ምንም ብትጠየቅ «ደህና ነኝ» ነው መልሷ። እንዲህ የሚሞላ ወረቀት ምኑን ይለካል?

የሳይኮሎጂ ተማሪ፦ እሺ ግን እስክንፈትን የሚጎዳው ልጅስ?

ተርጓሚዋ፦ ካውንስለሩ በሩን ይክፈትላቸው፣ ለዛ ነጥብ አያስፈልግም። የዩሲኤልኤው መጠይቅ አዘጋጆችም ቢሆኑ ከዚህ በላይ ብቸኛ ነው የሚል መስመር አላሰመሩም። መጀመሪያ ለጥቂት ልጆች አንብበን እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አፍ ያስረዱን፣ ዋናውን እንግሊዝኛ ያላየ ሰው አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰውና ከዋናው ጋር ይተያይ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለነዚያው ልጆች ይደገም።

መምህር፦ ሰኞ ስብሰባ አለን፣ የስሙን ነገር መጀመሪያ አነሳለሁ። እህቴ፣ ያስተካከላችሁትን ምርጫ ብትልኪልኝ።