ለኦፕራሲዮን ወይስ በየወሩ ለሚወጋ ፔኒሲሊን? በቶንሲል ስለሚመጣው የልብ በሽታ ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ሳምንት ለአንዲት የ12 ዓመት ልጅ የልብ ኦፕራሲዮን ብር ስናሰባስብ አንድ አባላችን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ይህ ሁሉ ብር ለአንድ ልጅ ከሚወጣ ለስንቱ ልጅ ፔኒሲሊን ይገዛ ነበር!» ብዙዎቻችሁ ተቆጣችሁ። እኔ ግን ነገሩ በደንብ ቢወራበት ይሻላል ብዬ ይህን ክርክር ከፈትኩ።

በሽታው ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። መነሻው ጉሮሮ ነው፣ ቶንሲል የምንለው። ባክቴሪያው ጉሮሮን ያቆስላል። ሰውነት እሱን ለመዋጋት የሚያመርተው መከላከያ አንዳንድ ልጆች ላይ ተሳስቶ የራሳቸውን ልብ ይመታል። ሲደጋገም የልብ ቫልቮች፣ ማለትም ደም የሚያልፍባቸው የልብ በሮች፣ ይጠብባሉ ወይም በደንብ መግጠም ያቅታቸዋል። ጥያቄዬ አጭር ነው። መንግሥትም እኛም ያለችንን ብር የት እናድርግ? ቀዶ ሕክምናው ላይ ወይስ ባክቴሪያውን በሚገድለው በፔኒሲሊን መርፌ መከላከሉ ላይ?

የበጀት ባለሙያው፦
ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለልጅቷም የአቅሜን ሰጥቻለሁ። ግን ሒሳቡን ካልተነጋገርንበት በሚቀጥለው ወር ሌላ ልጅ፣ ከዚያም ሌላ ልጅ ይመጣል።

ሰሜን ኡጋንዳ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ ወጣ። ከ100 ሺህ በላይ ልጆች ልባቸው በአልትራሳውንድ ታየ። ምንም ሳይሰማቸው ቫልቫቸው ላይ የበሽታው ምልክት ከተገኘባቸው ውስጥ 818 ልጆች እኩል ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን በየ4 ሳምንቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ተወጋ። ሌላው ክትትል ብቻ ተደረገለት። ከ2 ዓመት በኋላ ከተወጉት የባሰባቸው 3 ናቸው። ካልተወጉት 33። ለዚያውም ከ70 ዓመት በላይ በሥራ ላይ ባለ፣ ርካሽ በሆነ መድኃኒት። ከዚህ በኋላ «ትልቅ የልብ ሆስፒታል እንሥራ» ሲባል ስሰማ ልቤ ይደማል። ልጁ ቫልቩ እስኪበላሽ መጠበቅ ለምን?

እናት ከአዳማ፦
ልጄ የ13 ዓመት ልጅ ሳለች ቫልቭ ተቀየረላት። አሁን 19 ዓመቷ ነው። ደረጃ መውጣት አቅቷት፣ ሌሊት ተቀምጣ ስታድር አይቻታለሁ። መጀመሪያ አስም ነው ተባለ። ጸበልም ወስጃታለሁ፣ አልደብቅም። ልብ መሆኑ ሲታወቅ እግሯ አብጦ ነበር። መከላከል ይቀድማል ስትሉ እውነት ነው። ግን ያኔ ገንዘቡ ሁሉ መርፌ ላይ ውሎ ቢሆን ልጄ የት ትሄድ ነበር? መርፌ ለእሷ አልፎበታል። እባካችሁ «ለአንድ ልጅ» አትበሉ። ለእኔ ያለችኝ አንድ እሷ ናት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እናቴ፣ እግዚአብሔር ልጅዎን ይጠብቅልዎት። እኔም በዚህ ጉዳይ ቀዶ ሕክምናው ጎን ነኝ። እውነቱን ልናገር፤ እዚህ አሜሪካ ያለ ሰው ብር የሚያዋጣው የልጅቷን ፎቶ አይቶ ነው። የመርፌ ፎቶ ብለጥፍ ማንም አይሰጥም። ሰው ደግሞ ፊት አይቶ መስጠቱ ጥፋት አይደለም።

የልብ ሐኪሙ፦
እናትየዋ ያነሱት ነገር በቁጥርም ይታያል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች የተካሄደ አንድ ጥናት ከ3 ሺህ በላይ የሩማቲክ ሕሙማንን ተከታትሏል። የመካከለኛው ዕድሜ 28 ነው። ሁለት ሦስተኛው ሴቶች ናቸው። በ2 ዓመት ውስጥ 17 በመቶ ገደማው ሞተዋል። እነዚህ አሁን በሕይወት ያሉ፣ አሁን ቫልቫቸው የተበላሸ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ መርፌ ብቻውን መልስ አይሆንም። ኬፕታውን ላይ የዓለም የልብ ቀዶ ሐኪሞች ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት መግለጫም ይህንኑ ነው የጠየቀው። በድሃ አገር ያለ የሩማቲክ ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምና ይድረሰው ነው ያሉት።

እኛ ደግሞ ከዜሮ አልጀመርንም። ዶክተር በላይ አበጋዝ የሕፃናት ልብ መርጃ ድርጅትን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። 20 ዓመት ተለምኖ የተሠራ ቤት ነው። አሁን ይቁም ማለት ይከብደኛል።

የኡጋንዳውን ጥናት በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ካልተወጉት ልጆች ከ100 ውስጥ 92ቱ በ2 ዓመት ውስጥ አልባሰባቸውም። እነሱን ሁሉ በየወሩ መውጋት አለብን? መርፌው ያማል። ለስንት ዓመት እንደሚወጉም ያ ጥናት አልመለሰም። ደግሞ ጤነኛ ሆኖ የሚሮጥ ልጅ «ልብህ ላይ ነገር አለ» ሲባል ቤቱ ይታመሳል። ኳስ ይከለከላል። ሴት ከሆነች «የልብ በሽተኛ ናት» የሚለው ወሬ እስከ ትዳሯ ይከተላታል። ምርመራን ስናስፋፋ ይህንንም አብረን እናስብ።

የበጀት ባለሙያው፦
ዶክተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያ ክርክር ለሀብታም አገር ይሠራል። እዚህ ከ100ው የባሰባቸው 8ቱ ልጆች እርስዎ ጋ የሚደርሱት እግራቸው ሲያብጥ ነው። ኩባ ውስጥ ፒናር ዴል ሪዮ የሚባል ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ 10 ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ላይ አተኮረ። ጉሮሮ ማከም፣ ሕመምተኛን መመዝገብ፣ መርፌውን አለማቋረጥ፣ ሕዝብ ማስተማር። በሽታው በጣም ወረደ። ያንን ያደረገው የቀዶ ሕክምና ክፍል አይደለም።

ሲስተር ከጎንደር፦
ሁላችሁም ስለ መርፌ ታወራላችሁ። የምወጋው እኔ ነኝ፣ እስቲ እኔም ላውራ።

ቤንዛታይን ዱቄት ነው። በውሃ ትበጠብጪዋለሽ። ትንሽ ከቆየ መርፌው ውስጥ ይደፈናል። ልጁ ቂጡ ላይ መርፌ ተሰክቶ እያለ መድኃኒቱ አልገፋ ይልሻል። አውጥተሽ እንደገና ትወጊዋለሽ። ያ ልጅ በሚቀጥለው ወር ይመጣል? ስንቶቹ አይመጡም። ከሩቅ ገጠር የሚመጣ ልጅ ሙሉ ቀን ትምህርት ይቀርበታል። እናቱ የገበያ ቀኗን ታጣለች። ደርሰው ደግሞ «መድኃኒቱ አልገባም» እንላቸዋለን። እኔ በአፌ ያልኩት ነው፣ ከአንዴም ሁለቴ። ዓለም ላይ ይህን መድኃኒት ጥሬውን የሚያመርቱት ድርጅቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ርካሽ ስለሆነ አትራፊ አይደለም። እጥረቱ ከዚያ ይጀምራል።

ሌላው ፍርሃት ነው። እኔ በማውቀው አንድ ጤና ጣቢያ አንድ ታማሚ ከመርፌ በኋላ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የሥራ ባልደረቦቼ የመርፌ ማዘዣ ወረቀት ይዞ የመጣን ልጅ «ሆስፒታል ሂድ» ብለው ይመልሳሉ። አልፈርድባቸውም። ሞት በእጅሽ ሲሆን እንቅልፍ አይወስድሽም። ግን በየሳምንቱ የሚመለሱት ልጆች ሞት ማንም ላይ አይመዘገብም። እሱ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ።

እና የበጀት ባለሙያው ወንድሜ፣ መርፌ መግዛት ብቻውን መከላከል አይደለም። እኛ አካባቢ ጉሮሮ ሲታመም አሁንም እንጥል የሚያስቆርጥ ሰው አለ። ልጁ ወደ እኔ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የልብ ሐኪሙ፦
ሲስተር፣ ያነሳሽው ሞት ላይ አዲስ ነገር አለ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 መግለጫ አውጥቷል። ከመርፌው በኋላ ቶሎ ከሚሞቱት ውስጥ አለርጂ የማይመስሉ አሉ። ሰውየው አስቀድሞ ልቡ በጣም ደክሟል፤ በሕመሙና በድንጋጤው የደም ግፊቱ ሲወርድ ልቡ መቋቋም ያቅተዋል። ስለዚህ ቫልቩ ክፉኛ ለጠበበ ወይም ልቡ ለደከመ ሰው መርፌው ቀርቶ በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን ይሰጥ ነው የሚለው። ለሌሎቹ መርፌው ይቀጥላል። ሳይወጉ ውሃ መጠጣት፣ ጋደም ብሎ መወጋት፣ ሕመሙን መቀነስ ይረዳል። ለአለርጂ የሚደረገው ዝግጅትም እንዳለ ይቆያል።

ሲስተር ከጎንደር፦
ይህን ለጤና ጣቢያ ነርስ ማን ነገራት? እኔ ዛሬ ከእርስዎ ሰማሁ። መርፌውን ከነጭራሹ ከመከልከል ማን ይወጋ፣ ማን ክኒን ይውሰድ የሚለውን ብናውቅ ስንት ልጅ ባልተመለሰ። ለዚህ ሥልጠና የሚወጣ ብር ከየትኛው ወገን ነው? ከኦፕራሲዮኑ ወይስ ከመርፌው?

ከሬሆቮት፦
እስራኤል ነኝ። ከኢትዮጵያ ለልብ ቀዶ ሕክምና ለሚመጡ ልጆች በአማርኛ አስተረጉማለሁ። ሆሎን ከተማ ቮልፍሰን ሆስፒታል የሚሠራው ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ልጆቹ ሲድኑ አይቼ አልቅሻለሁ። ግን ልጅን በአውሮፕላን ማምጣት ብቻ በቂ እንዳልሆነ ድርጅቱም ስላወቀ ከየአገሩ ሐኪሞችን አምጥቶ ያሠለጥናል። እኔ ብር ካለኝ ለሥልጠናው ነው የምሰጠው። አንድ ሐኪም ተመልሶ ስንት ልጅ ያክማል!

ልጆቹ ተመልሰው ሲሄዱ ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ሻንጣቸው ውስጥ የምናደርገው የደም ማቅጠኛ ክኒን የወራት ብቻ ነው። ከዚያስ?

ፋርማሲስቷ፦
ከዚያማ እኛ ጋ ይመጣሉ። ስለዚህ ብዙ የማይወራውን ልንገራችሁ።

ብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ካልወሰደ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ወደ ጭንቅላት ይሄዳል። ከበዛ ደግሞ ይደማል። መሀሉን የሚያሳየን አይ.ኤን.አር. የሚባል የደም ምርመራ ነው። ሚትራል በሚባለው ቦታ ብረት ቫልቭ ላለው ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። አንዳንድ ደንበኞቼ ለዚህ ምርመራ ብቻ ከሌላ ከተማ አውቶቡስ ተሳፍረው ይመጣሉ። ሪኤጀንት፣ የመመርመሪያው ኬሚካል፣ አልቋል ተብለው ይመለሳሉ። እኛ ደግሞ ጾም አለን። ሁዳዴ ሲገባ ጎመን በየቀኑ ይበላል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪኑን ኃይል ይቀንሰዋል። ጎመን አትብሉ አልልም፤ መጠኑን በአንድ ጊዜ አትቀያይሩ ነው የምለው። ይህን የነገራቸው ሰው የለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ፣ እዚህ እኮ ምርመራ የማይፈልጉ አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች አሉ። እኔ ራሴ እህቴ ትወስዳለች። እነሱን ገዝተን ብንልክስ?

ፋርማሲስቷ፦
ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በሳምንት አንዴ እሰማለሁ። እባክህ አትላክ። ከ24 አገሮች ከ4 ሺህ 500 በላይ የሩማቲክ ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። ቫልቭ የተቀየረላቸው አይደሉም፤ የልብ ምታቸው የተዛባ ናቸው። እኩሌታው አዲሱን መድኃኒት ሪቫሮክሳባንን ወሰደ፣ እኩሌታው ዋርፋሪን መሰሉን። ሁላችንም አዲሱ ያሸንፋል ብለን ነበር የጠበቅነው። በአዲሱ በኩል 552 ሰው ሞተ። በአሮጌው በኩል 442። የደም መፍሰሱም በአሮጌው አልበዛም። ብረት ቫልቭ ላላቸው ደግሞ አዲሶቹ ክኒኖች ከነጭራሹ አይሆኑም። ለዚያ የተሞከሩት ጥናቶች ጉዳት ስለታየባቸው በመሀል ተቋርጠዋል።

ስለዚህ የእህትህ መድኃኒት ለእህትህ በሽታ ነው። ለኛ ሕሙማን መላክ ከፈለግህ የጣት ደም የሚለካውን ትንሿን አይ.ኤን.አር. ማሽንና የደም ጠብታ የሚደረግባትን ስትሪፕ ላክ። ስትሪፗ ሳታልቅ ደግሞ ሌላ። ፎቶ አያምርም፣ አውቃለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይህን አላውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ለአንድ የአጎቴ ልጅ ልኬለት ነበር። እሱም ብረት ቫልቭ አለው። አሁኑኑ ልደውልለት ነው።

የልብ ሐኪሙ፦
ደውል፣ ግን በራሱ እንዳያቆመው። ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ይሂድ፤ መድኃኒቱን የሚቀይርለት እሱ ነው። ያለ መድኃኒት አንድ ሳምንት እንኳ ለእሱ አደጋ ነው።

የበጀት ባለሙያው፦
እሺ። አቋሜን ትንሽ ላስተካክል። መርፌ ይቀድማል ያልኩትን አልተውም። አሁንም ብሩ በአብዛኛው ጤና ጣቢያ ላይ ይዋል እላለሁ። ግን ሲስተር የጠየቀችኝን መመለስ አልቻልኩም። በጀት ላይ «መድኃኒት ግዢ» የሚል መስመር አለ። በ28ኛው ቀን ያልመጣውን ልጅ ደውሎ ለሚጠራ ሰው የሚሆን መስመር የለም። ቫልቭ ለተቀየረላት ልጅ አይ.ኤን.አር. የሚከታተል ሰውም መስመር የለውም። ሁለቱ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ እኮ። አንድ መዝገብ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ነርስ።

ሲስተር ከጎንደር፦
እኔ በራሴ ስልክ ነው የምደውለው። በራሴ ካርድ።

አወያይ፦
ያሰባሰብነው ብር ከልጅቷ ኦፕራሲዮን የተረፈ አለው። ለሲስተር የስልክ ካርድና ለእነ ፋርማሲስቷ ስትሪፕ ይዋል የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። እስከ እሑድ ድምፅ ስጡበት። የሚቃወም በግልጽ ይጻፍ።

የልብ ሐኪሙ፦
አልቃወምም። ግን ልጅቷ ቀዶ ሕክምናዋ ገና አልተሠራም። ቫልቩ መጠገን ከተቻለ ይጠገናል። ካልተቻለ ይቀየራል። ከተቀየረ «የተረፈ» የሚባል ብር የለም፤ የእሷ የ5 ዓመት የዋርፋሪን ክትትል መጀመሪያ ይቀመጥ።

እናት ከአዳማ፦
ዶክተር፣ እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ከርዕሱ ከወጣሁ ይቅርታ። ልጄ የምትወደው ልጅ አለ፣ ሊያገባት ይፈልጋል። ጥሩ ልጅ ነው። ዋርፋሪን እየወሰደች መውለድ ትችላለች?

የልብ ሐኪሙ፦
ከርዕሱ አልወጡም፣ እናቴ። ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ማቆም ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም ያረጋል፤ እሷን ሊገድላት ይችላል። በመሀል ሄፓሪን በሚባል መርፌ የሚተካበት መንገድ አለ። ያም የራሱ አደጋ አለው። የምትወስደው መጠን አነስተኛ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የሚወሰነው ከማርገዟ በፊት ነው። የልብ ሐኪሟና የማሕፀን ሐኪም አብረው ይዩዋት። እስከዚያ መከላከያ ትጠቀም። ልጁም አብሮ ገብቶ ቢሰማ ጥሩ ነው።

እናት ከአዳማ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በ6 ዓመት ውስጥ ይህን የነገረን የለም። ሐሙስ የአይ.ኤን.አር. ቀጠሮ አላት። ሦስታችንም እንሄዳለን።