ኤል ዶራዶ ከተማ ነው ወይስ ሰው? የሙይስካዎችን ተረት የምታውቁ ኑ እስቲ

ምሳ_ሰዓት፦
ሰላም ቤተሰብ። ሥራ ቦታ አንድ የቦጎታ (የኮሎምቢያ ዋና ከተማ) ልጅ አለ፣ ባለፈው ምሳ እየበላን የወርቅ ከተማዋ ኤል ዶራዶ እኮ እናንተ ጋ ነው የምትባለው ስለው ሳቀብኝ። "ከተማ አይደለም፣ ሰውዬ ነው" አለኝና ስልኩ ላይ የአንዲት ትንሽዬ የወርቅ ጀልባ ፎቶ አሳየኝ፣ ሙይስካ የሚባል ሕዝብ የሠራት ናት አለ፣ ወዲያው አለቃችን ከተፍ አለና ወሬው እዛው ቀረ። ጉግል ሳደርግ ጌም ብቻ ነው የሚመጣልኝ። አስረዱኝ በናታችሁ።

ሐይቅ_ዳር፦
ልጁ ልክ ነው። ቃሉ በስፓኒሽ "በወርቅ የተለበጠው" ማለት ነው። ከቦጎታ ሰሜን ምሥራቅ ጓታቪታ የምትባል ክብ ሐይቅ ተራራ ላይ አለች፣ ድሮ የሙይስካዎች አዲስ ገዢ ሲሾም ልብሱን አውልቀው ገላውን የሚያጣብቅ ነገር ይቀቡትና የወርቅ ብናኝ ይነሰንሱበታል፣ ከዛ በቄጠማ ታንኳ ሐይቁ መሃል ወስደውት ወርቁንና ኤመራልዱን (አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ) ለአማልክቱ ብሎ ውሃ ውስጥ ይጥለዋል። ስፔኖቹ ይሄን ሰምተው ዝም ይላሉ? በ1580ዎቹ (በፈረንጅ ነው) ሴፑልቬዳ የሚባል ነጋዴ የሐይቁን ጠርዝ አስቆርጦ ውሃውን አጎደለ፣ ቁራጩ ዛሬም እንደ ተሸረፈ ስኒ ይታያል። በኋላ ደግሞ እንግሊዞች ጭራሽ አደረቁትና ጭቃው በፀሐይ እንደ ሲሚንቶ ደርቆባቸው ቀረ 😂 በ1965 መንግሥት ከለከለ።

ሰምና_ወርቅ፦
ጀልባዋን ልንገርህ። በ1969 ፓስካ አካባቢ ገበሬዎች ዋሻ ውስጥ አገኟት፣ አሁን ቦጎታ የወርቅ ሙዚየም ናት። ርዝመቷ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው! መሃል ላይ ገዢው ከሁሉም ገዝፎ ቆሟል፣ ሌሎቹ ዙሪያውን ደቃቅ ናቸው። እኔን የገረመኝ አሠራሯ ነው፣ መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል፣ ሸክላ ይለበጥበታል፣ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ወርቅ ይፈስበታል። እኛ ቅኔ ላይ ሰምና ወርቅ የምንለው እኮ ከዚሁ የአንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው።

ቀስተ_ደመና፦
ሁሉም ወርቅ ወርቅ ይላል እንጂ ተረቶቻቸው የውሃ ናቸው። ባቹዌ የምትባል ሴት የሦስት ዓመት ልጅ ይዛ ከኢጓኬ ሐይቅ ወጣች፣ ልጁ ሲያድግ አገባችውና በአንድ ሆድ አራትም ስድስትም እየወለደች አገሩን ሞላችው፣ ሲያረጁ ሕዝቡን በሰላም ኑሩ ብለው ባልና ሚስት እባብ ሆነው ወደ ሐይቃቸው ተመለሱ።
ሌላው ቺብቻኩም የሚባለው አምላካቸው ነው። ሰዎች አስቀየሙትና ሜዳውን በውሃ አጥለቀለቀው፣ ሕዝቡ ሲጮህ ቦቺካ የሚባለው ሌላው አምላክ ቀስተ ደመና ላይ ብቅ ብሎ በወርቅ በትሩ አለቱን መታው፣ ውሃው ተንዶ ወረደ። የተኬንዳማ ፏፏቴ ማለት ያ ነው፣ ከ130 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቺብቻኩም ምድርን እንዲሸከም ተፈረደበት፣ ሲደክመው ትከሻ ሲቀይር መሬት ይንቀጠቀጣል። (የቦጎታ ሜዳ ደግሞ በጥንት ዘመን እውነትም ሐይቅ ነበር!)

ተጠራጣሪው፦
ጥሩ ነው ግን ቀስ በሉ። ይሄን የጻፉት ሙይስካዎቹ አይደሉም፣ ፊደል አልነበራቸውም። ስፔኖች በ1537 ገቡ፣ ፔድሮ ሲሞን የሚባለው መነኩሴ የጻፈው በ1620ዎቹ ነው። ቦቺካ ጺማም ሽማግሌ ሆኖ ጥጥ መፍተልና ሥነ ምግባር ያስተማረ ሲባል እኔ እጠረጥራለሁ፣ ከሐዋርያት አንዱ ነው ያሉ ቄሶችም ነበሩ። ዊታካ የምትባለዋን ሴት አምላካቸውንም እዩዋት፣ ጨፍሩ ጠጡ ተደሰቱ ስላለች ወደ ጉጉት ተቀየረች ይባላል፣ ይሄ የማን ስብከት ይመስላችኋል?

ምሳ_ሰዓት፦
ውይ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ግን ባቹዌ እባብ ሆነች ሲባል ተረገመች ማለት ነው?

ቀስተ_ደመና፦
ኧረ አይደለም፣ እነሱ ጋ እባብ የሐይቅ ነው። ወደ ቤቷ ገባች በለው። ወርቁንም ውሃ ውስጥ የሚጥሉት ለዛው ቤት ነው።

ምሳ_ሰዓት፦
በቃ ነገ ልጁን ምሳ እኔ እጋብዘዋለሁ፣ አለቃችን ካልመጣ 😅